ማንኪያ የማትዘረጋዋ ሴት

ችግሩ የተጀመረው በሳህን ነው። ቲያቪ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ፣ ከትልቁ የሁመር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጥሬ ፓፓያ እየወቀጠች መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከደንበኞቿ የሚመለስላት ሳህን ከታጠበ ሳህን አይለይም ነበር፤ መረቁ ሳይቀር በማንኪያ ተጠርጎ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ግን ሳህኖቹ ግማሽ ግማሻቸውን ይዘው መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀን አንድ ነበር፤ “የታመመ ሰው ይሆናል” ብላ አለፈችው። ቀጥሎ ሦስት ሆነ። ከፖስታ ቤት የሚመጡት ሁለቱ ጸሐፊዎች፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከአግዳሚዋ ያልጠፉት ሴቶች፣ አንድ ቀን ሳህናቸውን ገፋ አድርገው “ዛሬ ጠግበን ነው የመጣነው ኦም” ብለዋት ሄዱ። ኦም የሚሉት በዕድሜ ከእናት ከአባት የሚበልጠውን ሰው ነው። ጠግቦ ለመብላት የሚመጣ ሰው ቲያቪ አይታ አታውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሳህኑን ይመረምር ነበር። ቲያቪ የመረመረችው ሰዎቹን ነው። ፍርዷም አልዘገየም፦ የካምፖንግ ችናንግ ከተማ ምላስ ተበላሽቷል። በራሱ አልተበላሸም፤ ያበላሸው ሰው አለ። ያ ሰው ቶሎ ካልተጋለጠ ደግሞ የምታጣው ጥላዋን ነበር። የስልክ ሽፋን የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ከዛፉ ግንድ እስከ አጥሩ ያለውን ቦታ በእርምጃው ለክቶ ሄዷል። ሠላምታም አልሰጣት። ሰው ቁመቱን እየለካለት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሬሳ ብቻ ነው።

የሴትየዋን ንቀት ለመረዳት ሥራዋን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማወቁም ራሱ ደስ ይላል። ሙቀጫዋ የሸክላ ነው፤ ረጅምና ወደ ታች የጠበበ። ዘነዘናው እንጨት ነው። የድንጋይ ሙቀጫ ፓፓያን ያደቃል፤ የሸክላው ግን ሰንበር ብቻ ያወጣበታል፣ የሚፈለገውም ሰንበሩ ነው። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ትንንሾቹ ቃሪያዎች ይገባሉ፣ ይፈነዳሉ። ከዚያ በጣት ልክ የተቆረጠ ረጃጅም ፎሶሊያና ቲማቲም፣ ስንጥቅ እስኪሉ ሁለት ሦስቴ ይመታሉ። የደረቀ ሽሪምፕ፣ የዘንባባ ስኳር፣ ሎሚ፣ ከነቅርፊቱ በጨው የሰነበተ የሩዝ ማሳ ሸርጣን ይከተላሉ። ፕራሆክ የሚሉት በጨው የተብላላ ዓሣም ይጨመራል፤ ሽታው ጎረቤት የሚጠራ፣ የሌለበት ምግብ ግን የሙት ቤት ምግብ የሚመስል ነገር ነው። ፓፓያው የሚገባው በመጨረሻ ነው።

ዋናው ምስጢር ደግሞ ያለው ፓፓያው ላይ ነው። በመላጊያ አይላግም። ተልጦ በግራ መዳፍ ላይ ይያዛል፤ በከባድ ቢላ ቁመቱን ተከትሎ ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ይቆራረጣል፤ ቀጥሎ ቢላው ጋደም ተደርጎ ላዩ ይሸለታል። የሚወርደው ጭረት አንዱ እንደ ክር ቀጭን፣ አንዱ እንደ ስንደዶ ወፍራም ይሆናል። ቀጭኑ መረቁን ይጠጣል፤ ወፍራሙ ጥርስ ሥር ይሰበራል። አፍ ውስጥ ሁለቱም መገናኘት አለባቸው። የቲያቪ ቢላ በዚያ ላይ ሽርፍ አለበት፤ ከብዙ ዓመት በፊት ሚስማር መትቶ የተሸረፈ። አላስሳለችውም። ስለዚህ የምትሸልተው እያንዳንዱ ጭረት ጀርባው ላይ ቀጭን ሸንተረር ይዞ ይወርዳል። ማንም ልብ አይለውም።

አንድ ልማድ ደግሞ አለ። በከተማው ያሉ ወቃጮች ሁሉ ወደ ሳህን ከመገልበጣቸው በፊት ከሙቀጫው በማንኪያ ጫፍ ቆንጥረው ለደንበኛው ይዘረጋሉ፦ “ቅመሺልኝ፣ ምን ይጨመር?” ቲያቪ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ማንኪያ ዘርግታ አታውቅም። መረቁን በእጇ ጀርባ ጠብ አድርጋ ራሷ ትልሳለች፣ ትገለብጣለች፣ አለቀ። ስለ ሌሎቹ ሲነሳ “የራሷ ምላስ የሌላት የሰው ምላስ ትለምናለች” ትላለች፤ ይህንንም የምትለው ሌሎቹ እየሰሙ ነው።

ምላስ አበላሽዋን ለማግኘት ብዙ መዞር አላስፈለገም። ወደ ወንዙ ወደብ በሚወርደው መንገድ ላይ ኒሞል የምትባል ወጣት ሴት ምግብ ቤት ከከፈተች ስምንት ወር ሆኗታል፤ የጠፉት ደንበኞች በሙሉ እዚያ ናቸው። ቲያቪ ጎረቤቷን ሳሪምን ጠራችው። ሳሪም ከእሷ ጥቂት የሚያንስ፣ እዚያው ጥላ ሥር በጋሪ የሸንኮራ ጭማቂ የሚሸጥ ሰው ነው። በየቀኑ ቀትር ላይ የእሷን አንድ ሳህን ይበላል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በላዩ የራሱን ጭማቂ ሦስት ብርጭቆ ይጨልጥበታል።

“ነገ ከቀትር በኋላ ጋሪህን ሸፍን። ምስክር እፈልጋለሁ” አለችው።

“የማን ሠርግ ነው?”

“ቀብር ነው። የኒሞልን ሰላጣ ልንቀብር ነው።”

“ቦንግ፣ እኔ እኮ ያለኝ አንድ ሆድ ነው።” ታላቅ እህት እንደሚጠራ ነው የሚጠራት።

“አንተ ትበላለህ፣ እኔ እናገራለሁ።”

“እሱማ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው” አለ ሳሪም።

ምግብ ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የብረት ጠረጴዛ፣ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ነበረው። ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያመላልሳል። ግድግዳው ላይ የሰባት ሰላጣዎች ፎቶ ተለጥፏል፤ ከእውነተኛው ሰላጣ ይልቅ የአበባ ጉንጉን ይመስላሉ። ቲያቪ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየችና ከንፈሯን ጠመም አደረገች። የሚበላ ነገር ፎቶ የሚያስፈልገው ሽታው ሰው መጥራት ሲያቅተው ነው።

ኒሞል ከሙቀጫዋ ኋላ ብድግ ብላ ሁለት መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ አንገቷን ሰበረች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ቲያቪ በነጭ ሸሚዝና በሰማያዊ ጉርድ ታውቃታለች፤ ያኔ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሁልጊዜ “ሁለት ሸርጣን ይግባልኝ” የምትል ልጅ ነበረች።

“ባለ ሁለት ሸርጣኗ” አለች ቲያቪ እየተቀመጠች። “እጅሽ ላይ ያጠለቅሽው ምንድን ነው?”

“ጓንት ነው ኦም። ለንጽሕና።”

“እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በባዶ እጄ ስወቅጥ የሞተብኝ የለም። ምናልባት ደንበኞችሽ ስስ ናቸው።”

“ምን ላምጣልዎት?”

“ግድግዳው ላይ ያለውን።”

“የትኛውን?”

“ግድግዳውን።”

ኒሞል ሳሪምን አየችው። ሳሪም ማራገቢያውን አየ።

የፓፓያው መጀመሪያ ተወቀጠ። ቲያቪ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ጆሮዋን ሰጠች። ዘነዘና ይናገራል፤ ለሚሰማው። ሙቀጫው ደረቅ ሲሆን ቶክ፣ ቶክ ይላል፤ ሎሚውና ቲማቲሙ መረቅ ሲያወጡ ድምፁ ይወፍርና ጩቅ፣ ጩቅ ወደሚል ይለወጣል፤ ማቆም የሚገባው ያኔ ነው። ኒሞል ልክ ድምፁ እንደተለወጠ አቆመች። የቲያቪ ጆሮ “ደርሷል” አላት። ቲያቪ ግን ጆሮዋን ለመስማት አልመጣችም።

ኒሞል ማንኪያውን ዘረጋች። “ኦም፣ ይቅመሱልኝ፣ ምን ይጨመር?”

“አየኸው?” አለች ቲያቪ ወደ ሳሪም ዞራ። “ልመና።” ማንኪያውን አልነካችውም። “ገልብጪው። የሠራሽውን ሳታውቂ ነው የምትሸጪው?”

ሳህኑ መጣ። ቲያቪ አንድ ጭረት በሹካ አንሥታ ወደ ብርሃን አደረገች። ሁሉም አንድ ውፍረት፣ አንድ ርዝመት ነበሩ።

“ይህን የላገው አናጺ ነው?”

“መላጊያ አለኝ ኦም። ደንበኛ ሲበዛ እጅ አይደርስም።”

“ይታያል። ሰልፍ የወጣ ወታደር ነው የሚመስለው።” አኘከች። ጎመዘዛት፣ ቃሪያውም ምላሷን ቆነጠጣት፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። “ጨው የለውም። ፕራሆኩን በበሩ አሳልፈሽው ነው እንጂ አላስገባሽውም።”

“እኔን ጨዉ ተሰምቶኛል” አለ ሳሪም፣ አፉ ሞልቶ።

“አንተ ዕድሜህን በሙሉ ስኳር ውስጥ የኖርክ ሰው ነህ። ጨው ከየት ታውቃለህ?”

የሙዝ አበባው ተከተለ፦ በስሱ ተከትፎ፣ ከተቀቀለ ዶሮ፣ ከለውዝና ከናና ጋር የተለወሰ። የሙዝ አበባ ተከትፎ ሎሚ ያለው ውሃ ውስጥ ካልተነከረ ወዲያው ይጠቁራል። ይህኛው ነጭ ነበር፤ ቲያቪም ለአፍታ ነቀፌታ አጣች። ከዚያ አገኘች። “ዶሮዋ በከንቱ ነው የሞተችው። ጨው የለውም።” የማንጎው በጭስ ከደረቀ ዓሣ ጋር መጣ፤ ጥሬ ማንጎው ጥርስ የሚያነቃ ነበር። “ጎምዛዛ ነው። ይህ የማንጎው ሥራ ነው፤ አንቺ እንዳትኮሪበት።” የውሃ አበባው ግንድ ሲቀርብ ደግሞ አንዱን ቁራጭ እንደ መነጽር ዓይኗ ላይ ደቅና በቀዳዳው ኒሞልን አየቻት። “መሐሉ ባዶ ነው። አየር ቆራርጠሽ እየሸጥሽ ነው። ያውም ጨው የሌለው አየር።”

በዚያው ቀዳዳ ከኒሞል ኋላ ያለውን ጠረጴዛ አየች። ሁለቱ የፖስታ ቤት ጸሐፊዎች አንገታቸውን ሳህናቸው ውስጥ ቀብረው ተቀምጠዋል።

“እናንተ፣ ጠግባችሁ አልነበር እንዴ?”

አንደኛዋ ቀና አለች። “ያ ባለፈው ሳምንት ነበር ኦም። ዛሬ ርቦናል።”

“ረሃባችሁ አድራሻ መምረጡ ግሩም ነው። እንደ ደብዳቤ።”

ከዚያ በሎሚና በጠጅ ሳር የታሸው ጥሬ የበሬ ሥጋ መጣ፣ ቀጥሎ ያልበሰለ ጉዋቫ። ለሥጋው “በሬው ራሱ ከዚህ የተሻለ ጨው ልሷል” ብላ ለጉዋቫው እጇን ብቻ አወናጨፈች። ስድስት ሳህን ሰድባ ስድስቱንም ሳሪም ጠረገላት። ሰባተኛው ዘገየ። ኒሞል ወደ ጓዳ ገብታ ቆየችና ስትመለስ ጓንቷን አውልቃለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው የእንግዳ ፈገግታም አብሮ ወልቋል።

“የባሕረ ሎሚው ሰላጣ አልቋል” አለች። “በምትኩ ይህን ቢቀምሱልኝ።”

የተወቀጠ ፓፓያ ነበር። ትንሽ ቆይቷል፤ ጭረቱ ለስልሶ መረቁ ሥር ወርዷል። ቲያቪ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠች። እንደ ቅድሙ ነው፤ ጎመዘዛት፣ ቆነጠጣት፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። ሰባት ሳህን የተጠራቀመ ንቀቷ አንድ ላይ ወጣ።

“ይህ ከሁሉም የባሰ ነው። እነዚያን የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ ቢያንስ ልጅ ነሽ። ይህን የሠራችው ሴት ግን ፈሪ ናት። ጨው ፈርታለች፣ ፕራሆክ ፈርታለች፣ ሸርጣኑን እንኳ በውሃ አጥባ ነው የጨመረችው። እጅ የላትም። ሂጂና ንገሪያት፤ ሙቀጫዋን ትሽጥና አበባ ትትከልበት።”

ሳሪም ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጸሐፊዎቹ ማኘክ አቆሙ።

“እሺ ኦም” አለች ኒሞል። ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።

“ና ላሳይህ” አለች ቲያቪ ለሳሪም፣ ዝምታውን እንደ ድል ቆጥራ። ከሳህኑ አንድ ወፍራም ጭረት በጣቶቿ አነሣች። “በቢላ ነው የተቆረጠው፣ ይህን እንኳ አልክድም፤ ግን አያያዙን...” አውራ ጣቷ ጭረቱ ጀርባ ላይ ተንሸራተተ። ቆመ። ተመልሶ ተንሸራተተ። ቀጭን ሸንተረር ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሌላ ጭረት አነሣች። ሸንተረር። ሦስተኛ አነሣች፤ እሱንም ዳሰሰችው።

“ከየት ነው ያመጣሽው?”

“ከሁመሩ ሥር” አለች ኒሞል። “ቀትር ላይ እህቴ ናት የገዛችው። በየሳምንቱ አስገዛለሁ። የራሴን የምለካው በእርስዎ ነው። ከዝናቡ ወዲህ ግን ጨዉ እየበረታ መጣ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ የእኔንም ጨው ጨመርኩ። ደንበኞቼ ጮኹብኝ፤ መልሼ ቀነስኩ።”

ቲያቪ ሳህኑን ወደ ሳሪም ገፋችው። “ቅመሰው።”

“ቦንግ...”

“ቅመሰው አልኩህ።”

ሳሪም ጎረሰ። ገና ሳይውጥ ግራ እጁ በራሱ ጊዜ ሄዶ የውሃውን ብርጭቆ ያዘ። ሁሉም እጁን አዩት፤ እሱም አየው።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ሦስተኛውን ብርጭቆ ከጀመርኩ ወዲህ።”

“እኔ ሸንኮራህን ወደህ ነው ብዬ...”

“ሸንኮራ ሻጭ ሸንኮራ ይወዳል እንዴ? ከስንት ዘመን ጀምሮ ነው የሰለቸኝ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ለአንቺ? ለአንቺ ማን ነግሮ ያውቃል?”

ቲያቪ ተነሣች፣ የሰባቱንም ሳህን ከፈለች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። ይቅርታ የሚል ቃል አፏ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረውም፤ በምትኩ የወጣው ይህ ነው፦ “ያን መላጊያ ወንዝ ጣይው። ሰኞ ጠዋት ፓፓያ ይዘሽ ነይ።”

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ፣ የጨው ጣዕም ያጠፋባት ቲያቪ በዝናቡ መጨረሻ መዋጥ የጀመረችው የደም ግፊት ኪኒን ሊሆን ይችላል አለች፤ ዕድሜም ሊሆን ይችላል፤ ኪኒኑ ተቀይሮ ምናልባት ይመለሳል፤ ምናልባት ላይመለስ ይችላል። ቲያቪ አዲሱን ኪኒን ተቀብላ ወጣች። “ምናልባት ለማለት ነጭ ልብስ አያስፈልግም” አለችው ሳሪምን። “ምናልባትማ አንተም ታውቃለህ።”

መጀመሪያ የሞከረችው መስፈር ነው፦ ይህን ያህል ማንኪያ ፕራሆክ፣ ይህን ያህል ሎሚ። በሦስት ቀን ተወችው፤ የተወችበትም ምክንያት በቂ ነው። አንዱ ሎሚ ውሃ ነው፣ አንዱ እሳት ነው። የዚህ ገንቦ ፕራሆክ ከዚያ ገንቦ አይመሳሰልም፤ ሸርጣኑም አንድ ሳምንት የሰነበተውና ሦስት ሳምንት የሰነበተው ሁለት የተለያየ እንስሳ ነው። ማንኪያ የሚሰፍረው ብዛትን ነው፤ ጨውነትን አይሰፍርም። የሚሰፍረው ምላስ ብቻ ነው፤ ያውም ሕያው ምላስ።

ኒሞል ሰኞ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች። በቲያቪ ሽርፍ ቢላ ፓፓያ እንደ ማገዶ ትፈልጣለች፤ ቲያቪም እንደ ማገዶ እንደምትፈልጠው ትነግራታለች። በምላሹ ኒሞል አዲስ የተከፈተውን ገንቦ ትቀምስና “ይህ ኃይለኛ ነው፣ ግማሹን ብቻ” ትላለች። ቲያቪ አታመሰግንም። ግማሹን ግን ትጨምራለች።

ሰኞ ግን በሳምንት አንዴ ነው፤ ደንበኛ የሚመጣው በየቀኑ ነው። ስለዚህ ሌላውን ነገር ጀምራለች። ትናንት ቀትር ላይ ከጸሐፊዎቹ አንደኛዋ፣ ያች ረሃቧ አድራሻ የሚመርጠው፣ ብቻዋን መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ለመሸሽ በሚመች አቀማመጥ። ቲያቪ ወቀጠች። ቶክ ቶኩ ወደ ጩቅ ጩቅ ሲለወጥ አቆመች፤ ጆሮዋ እስካሁን አልከዳትም። ከዚያ በማንኪያው ጫፍ ቆነጠረችና ክንዷን ዘረጋች። ፊቷን ግን ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር አዞረች፤ ማንኪያውን የያዘው የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

“ቅመሺ” አለች።

ጸሐፊዋ ማንኪያውን አየች፣ ሳሪምን አየች። ቀመሰች። “ትንሽ ይቀንስ ኦም። ሎሚ ቢጨመርበት ይበቃዋል።”

“ምላስሽ ፖስታ ቤት ውስጥ ቴምብር እየላሰ የኖረ ምላስ ነው” አለች ቲያቪ። ሎሚውን ጨመቀችበት።

ሳህኑ ተጠርጎ ተመለሰ። ሳሪም ያን ቀን የጠጣው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ እሱንም ግማሹን ለጋሪው ጎማ አፈሰሰው። የስልክ ሽፋን ሻጩ በመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ቲያቪ ዘነዘናውን አንሥታ ርዝመቱን ለካችለት።

ክንዷ አሁን ይዘረጋል። “ቅመሺ” ማለትንም ለምዳለች፤ ትእዛዝ ስለሚመስል ብዙ አልከበዳትም። የቀራት ሌሎቹ ወቃጮች የሚጨምሯት ቁራጭ ናት፦ “ልኝ”። ቅመሺልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ፊቷን ወደ ዛፉ ግንድ አድርጋ ቃሉን ትሞክረዋለች። ሳሪም ሸንኮራውን እየላጠ ይሰማል።

“ቅመሺ...” ትላለች፤ ትቆማለች።

“እየደረስሽ ነው ቦንግ” ይላታል።

“አንተን ማን ጠየቀህ?” ትለውና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች።